«አምጪው እኔ ልላክልሽ» ማስተማር አይደለም

እዚህ አወቱ መንደራ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ። የሞባይል ገንዘባቸውን የሚስጥር ቁጥር ልጃቸው ያውቀዋል፣ ባለሱቁ ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው! ብር ሲላክላቸው ስልኩን ለቀረባቸው ሰው ያቀብላሉ፤ «እስኪ እይልኝ ልጄ» ይላሉ። እስካሁን የጎደለባቸው ነገር የለም። እስካሁን።

ስልጠና ሳያገኙ ቀርተው እንዳይመስላችሁ። አንዴ አዳራሽ ተጠርተው ሄደዋል። ማይክ ነበር፣ ፕሮጀክተር ነበር፣ ለስላሳም ነበር። «ምን ተማሩ?» ስላቸው «ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው አሉ» ብለውኝ አረፉት።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው የተጠቃሚውን ብዛት ነው። መመዝገብና መቻል ግን ለየቅል ናቸው።

እስኪ የማሰልጠኛ መንገዶቹን እናወዳድር። አዳራሹ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ይደርሳል፤ ወሬውን ለማዳረስ ይበጃል፣ ጣት ግን አያፍታታም። ሁለተኛው መንገድ ድምፅ ነው። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች የተከፈተው የ8028 ነፃ የስልክ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ምክሩን ደጋግሞ መስማት ይችላል። አዳራሹ ይህን አይሰጥም። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ እጅህን አያይም፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትክ አይነግርህም።

ሦስተኛው ጎን ለጎን ሆኖ ማሠራት ነው። የጅማ የቡና ገበሬ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ያረጀ ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጎነደላል፣ እንደገናም ያቆጠቁጣል፤ እስኪያፈራ ግን ዓመታት መታገስ ያስፈልጋል። በንግግር ብቻ ተማምኖ ቡናውን የሚቆርጥ ስንት ሰው አለ? የጎረቤቱ ጉንድ አቆጥቁጦ ፍሬ ሲይዝ ያየ ግን መጋዙን ያነሳል።

«ጊዜ ይፈጃል፣ ሰልፉስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ነገር ግን ስልኩን ተቀብለን በሠራንላቸው ቁጥር የምናስተምራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስጥራቸውን ለማንም ማመን። ለአጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ተማሪ የለም።

ባለፈው እሑድ ቡና ሲያፈሉ ሞከርኩት። በአቦል እኔ አሳየኋቸው፤ በቶና ስልኩ በእጃቸው ሆኖ አብረን ነካካን፤ በበረካ እጄን ሰበሰብኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ አንዴ ተቆጡኝ፣ በመጨረሻ አምስት ብር ላኩልኝ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሚስጥር ቁጥራቸውን ቀየሩ።

አዲሱን ቁጥር እኔ አላውቀውም።