ቀጭን ቀዳዳ ፍለጋ

ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሦስት ባልንጀሮች ሆነን፣ ከደመወዛችን እየቆነጠርን ባጠራቀምነው ገንዘብ አንድ የጠረጴዛ ትራፓኖ ገዛን። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በሠፈራችን መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የአንደኛው ባልንጀራችን እናት ማቀዝቀዣቸው ሁለት ጊዜ ተቃጥሎባቸዋል። እናቲቱም «የተማራችሁት ለምን ሊሆን ነው?» ሲሉን፣ ቮልቴጁ ከልክ ባለፈ ጊዜ መሥመሩን የሚቆርጥ ትንሽ መጠበቂያ በገዛ እጃችን ልንሠራላቸው ቃል ገባን። ሥዕሉን ነደፍን፤ በወረቀት አትመን መዳብ በተለበጠው ሰሌዳ ላይ በልብስ ካውያ አጣበቅነው፤ የማያስፈልገውንም መዳብ በፌሪክ ክሎራይድ አጥበን አወረድን። የቀረው ሰሌዳውን መብሳት ብቻ ነበር። «ብቻ» ማለታችን አሁን ሲታሰበን ያሳፍረናል።

ወደ መርካቶ በወጣን ጊዜ የጠየቅነው፣ ብዙ ሰው እንደሚጠይቀው፣ ስለ ጉልበቱ ነበር። ነጋዴውም ከሁሉ የከበደውን አውጥተው፣ «ይኸ እኮ ወፍራም ብረት ይበሳል፤ የእናንተ ሰሌዳማ ለእሱ ቅቤ ነው» አሉን። እኛም በሞተሩ ትልቅነት ተደንቀን፣ ለሁለት ተሸክመን፣ ላባችንን እየጠረግን ወደ ቤት ገባን።

መከራው የጀመረው ማታውኑ ነው። ለሰሌዳችን የምንፈልገው ቀዳዳ 0.8 ሚሊሜትር ነው። የመሣሪያው አፍ ግን ከ1.5 ሚሊሜትር የቀጠነውን ፑንታ ጨርሶ አይነክስም። ፑንታውን በቀጭን ሽቦ ጠቅልለን አስነከስነው፤ ዞረ፤ ሰሌዳውን ነካ፤ ተሰበረ። በአንድ ምሽት አራት ፑንታ ሰበርን፤ የመዳቡም ክብ ከነሥሩ ተላቆ ወጣ።

በማግሥቱ ቀድሞ ፒያሳ ወርቅ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን ለምነን አመጣናቸው። (አንድ የመሥሪያ ቤት ጓደኛችን ይህን ሰምቶ «በዲግሪያችሁ ጠይብ ልትሆኑ ነው?» ብሎናል። ዓፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. መሆኑን ብንነግረው ሳቀ።) ሽማግሌው ብዙ አልተናገሩም። ጫፉ የሾለ አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ በመሣሪያው አፍ አስነከሱ፤ ከሥሩ ወረቀት አስቀመጡና ጫፉን ካስነኩ በኋላ አፉን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ዘንጉ ነጥብ ሊሠራ ሲገባው ትንሽ ክብ ሠራ። «ልጆቼ፣ ይኸ የበር ሠሪ ዕቃ ነው» አሉን። «ለበር ሠሪ ይኽቺ ክብ ምንም አይደለችም፤ ለእናንተ ግን ሞት ናት።»

ነገሩን በቁጥር ስንመለከተው እውነታቸውን ነው። 0.1 ሚሊሜትር የምታህል መወላገድ ለ10 ሚሊሜትር ፑንታ ከመቶ አንድ ናት፤ ለ0.8 ሚሊሜትር ፑንታ ግን ከስምንት አንድ እጅ ናት። ሁለተኛው ነገር ፍጥነት ነው። ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ራሳችሁ አስሉት፤ 0.8ን በ3.14 አባዙ፣ በዙሩም አባዙ። በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ትራፓኖ የቀጭኗን ፑንታ ስለት በደቂቃ 7.5 ሜትር ያህል ብቻ ያስኬደዋል፤ 20,000 ቢዞር 50 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለቱ ሲዘገይ ሰው እጀታውን ይጫናል፤ ሲጫንም ፑንታዋ ትጎብጣለች። የመስታወት ክር ያለበት ሰሌዳ ተራውን የብረት ፑንታ ቶሎ ስለሚያደነዝዘው፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከተንግስተን ካርባይድ የተሠራው ነው። እሱም እጅግ ጠንካራ ቢሆን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ በጎን ሲገፉት አይታገሥም። ከዚህ ሰሌዳ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባ ጠንቅ መሆኑንም እናስታውሳለን፤ አፍና አፍንጫ ሳይሸፈን አይበሳም።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ቀጥ ብሎ መዞር ነው። ለዚሁ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱን ለምሳሌ ብንጠቅስ፣ ፕሮክሶን የተባለው ኩባንያ ቲ ቢ ኤም 220 ብሎ የሚሸጠው ትንሽ ትራፓኖ የሚወስደው ኃይል 85 ዋት ነው፤ ይኸውም ከድሮው ባለ መቶ ዋት አምፑል ያነሰ ማለት ነው። ሆኖም በደቂቃ እስከ 8,500 ጊዜ ይዞራል፤ ፑንታውንም በሦስት ጥርስ በመንከስ ፈንታ በልኩ በተሠራ ቀለበት ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል። መርካቶ ላይ ይህን ቢያሳዩን ኖሮ «መጫወቻ ነው» ብለን እንስቅበት እንደ ነበር አንክድም።

በእጅ የሚያዘውን ትንሽ ፈጣን ሞተር በማቆሚያ ላይ አስሮ መጠቀምም ይቻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት የማቆሚያውን ክንድ በአንድ ጣት ወደ ጎን ግፉት። ክንዱ ከጎነበሰ ትታችሁት ሂዱ፤ ሞተሩ ቢያምርም ፑንታችሁን ይሰብራል። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ መሣሪያ ላምጣላችሁ ያለ እንደ ሆነም፣ የዚያ አገር ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ መሆኑን አትርሱ፤ የእኛው 220 በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ከአውሮፓ የሚመጣው ግን እንዳለ ይሠራል።

«ሰሌዳውን ቻይና አዝዞ፣ ተበስቶ ያለቀለትን ማስመጣት አይሻልም ወይ? ደግሞስ ቀዳዳ የማይሹ ጥቃቅን ዕቃዎች ሞልተው የለምን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ መቶ ሰሌዳ ለሚፈልግ ሰው እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ ያሰበውን ነገ ጠዋት ሊሞክር፣ ተሳስቶም ከነገ ወዲያ ሊያርም የሚሻ ሰው ዕቃው ባሕር ተሻግሮ፣ ጉምሩክም አልፎ እስኪደርስ ድረስ ሐሳቡ ይቀዘቅዝበታል።

ወጣት ሹማምንት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ይህን የሦስት ልጆች ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን። ለትምህርት ቤትና ለሥልጠና ጣቢያ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር ነገ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። በዝርዝሩ ላይ የሞተሩ ዋትና የዕቃው ክብደት ብቻ ከተጻፈ፣ በጨረታው የሚያሸንፈው የእኛው ዓይነት የበር ሠሪ ዕቃ ነው፤ ልጆቹም ፑንታ እየሰበሩ ጥፋቱ የእጃቸው ይመስላቸዋል። «የሚነክሰው ትንሹ ፑንታ 0.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ ሲዞር የጫፉ መወላገድ ከ0.03 ሚሊሜትር አይብለጥ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? ዕቃውን በሚረከቡበትም ቀን አንድ የሾለ ዘንግና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዞ መገኘት ነው።

የእኛን ግዙፍ ትራፓኖ አንድ በርና መስኮት የሚሠራ ወዳጃችን በኪሳራ ገዛን፤ በእሱ ቤት በደስታ ብረት ይበሳል። ትንሿን ከጀርመን የመጡ አክስት በሻንጣ አመጡልን፤ በወር ከአንድ ሰዓት በላይ ስለማንሠራባት አምስት ሆነን በማኅበር ይዘናታል። ከሰሌዳው ስድሳ ሁለት ቀዳዳ በእሷ በሳን፤ አንድም ፑንታ አልተሰበረም። የቀሩት የሬሌይዋ አምስት ቀዳዳዎች ናቸው፤ እነሱ 1.3 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ፤ ያን ፑንታ እስክናገኝ እናቲቱ ማቀዝቀዣቸውን ማታ ማታ እየነቀሉ ይተኛሉ።