የባንክ ደብተርና የዜጋ መብት

የባንክ ጉዳይ የነጋዴ ጉዳይ እንጂ የፖለቲካ ጥያቄ አይደለም የሚሉ ጓዶች በመካከላችን አሉ። በበኩሌ ይህን አመለካከት አልቀበልም። ዜጋው እንዲናገርና እንዲሰበሰብ በወረቀት ላይ ቢፈቀድለትም፣ አንድ ሹም በአንድ ደብዳቤ የዳቦውን ገንዘብ ሊዘጋበት ከቻለ ነፃነቱ የይስሙላ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችን ሲወርስ ባንኩ የሕዝብ ሆነ ተባለ። ሕዝቡ ግን ባለ ሥልጣኑን የሚጠይቅበት ነፃ ፍርድ ቤትም ሆነ ነፃ ጋዜጣ አልነበረውም። ስለሆነም ባንኩ የመንግሥት ሆነ እንጂ የሕዝብ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ የግል ባንኮችም በ1980ዎቹ ተመልሰው ተከፍተዋል። የቁልፉ ነገር ግን አልተለወጠም።

በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት እንደ ተጀመረ፣ በትግራይ ቅርንጫፎች የተከፈቱ ሂሳቦች በብሔራዊ ባንክ ትእዛዝ ታገዱ። ባለ ሂሳቡ ተማሪም ይሁን ጡረተኛ፣ አዲስ አበባም ይኑር መቀሌ፣ ወንጀሉ ደብተሩን ያወጣበት ከተማ ሆነ። ይህ እገዳ ቆይቶ ቢላላም፣ ከሰኔ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ የትግራይ ሕዝብ ከባንክ ተቆርጦ ኖረ። ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ለእናቱ የሚልክ ወገን ከሚልከው ላይ ለአሻጋሪ እየቆረሰ ነበር።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ማሽኖች ተበላሽተው ለጥቂት ሰዓቶች ከተቀማጭ በላይ መክፈል ጀመሩ። ባንኩ ራሱ እንደ ገለጸው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ወጣ፤ ካወጡት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የሰው ገንዘብ የወሰደ መመለስ አለበት፤ በዚህ ክርክር የለንም። ይሁን እንጂ ባንኩ አልመለሱም ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በቅርንጫፎቹ ለጠፈ። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ቀጪውም እሱው ሆነ።

በአማራ ክልል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን ፈቀደ። የሰው አካልና የሰው ገንዘብ የሚዘጉት በአንድ ቁልፍ ነው ማለት ይህ ነው።

«ይህን ሁሉም መንግሥት ያደርገዋል» የሚል መልስ ይሰማል። እርግጥ ነው፣ ካናዳም በየካቲት 2014 ዓ.ም. የጭነት መኪና ነጂዎች ባመፁ ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ሂሳቦችን አግዳለች። ነገር ግን ዜጎች ከሰሱ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. የአገሩ ፌዴራል ፍርድ ቤት በመንግሥት ላይ ፈረደ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የእኛ ዶላር ወደ ባንክ እንዲገባም ጥሪው በረታ። እንግዲያው ዶላራችንን የሚጠይቅ ጥያቄያችንንም ይስማ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ ሳንከፋፈል፣ የትግራዩንም፣ የአማራውንም፣ የኦሮሞውንም ደብተር እንደ ራሳችን ቆጥረን እንጠይቅ።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም ሰው አይታሰር!
ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማንም ሂሳብ አይዘጋ!