ከሥራዋ በፊት ሰው ናት

በሳዑዲ ዓረቢያዋ ኮብር ከተማ የባሕር ዳር መናፈሻ ላይ፣ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል፣ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ሻይና ቴምር ይዘው ይቀመጣሉ። ከብዙዎቹ ምንጣፍ ጫፍ ላይ አንዲት ሀበሻ ልጅ አትጠፋም። ሕፃኑን ታባብላለች፣ ጋሪ ትገፋለች፣ የወደቀ ታነሳለች። ማንም አይሰድባትም፣ ማንም አይመታትም። ከትእዛዝ ውጭ ግን የሚያናግራት የለም። በጎረቤት ከተማዋ በደማም የገበያ አዳራሾችም ሸክም ይዛ ከኋላ ስትከተል የማያት እሷኑ ነው።

ስለ ዓረብ አገር ኑሮ ስናወራ ዱላውን፣ የፈላ ውኃውን፣ ከፎቅ መውደቁን እናነሳለን። እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ከዱላው በፊት የሚመጣው በደል ግን ብዙ አይወራለትም። ሰው መሆኗ ተረስቶ ሥራዋ ብቻ ሲታይ፣ የሚያጥብ እጅና የሚያዝል ጀርባ ብቻ ስትሆን፣ በእሷ ላይ የማይደረግ ነገር አይኖርም።

ይህን ልማድ ሥርዓቱ ራሱ ደግፎታል። ልጅቷ ሳዑዲ የምትገባው በአንድ ከፊል (ስፖንሰር አሠሪ) ስም ነው። ቤቱን ጥላ ከወጣች ጠፋች ተብላ ትመዘገባለች፣ ከተያዘችም ዕጣዋ እስርና መባረር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ ዐረብኛ ክፍል ባደረገው ምርመራ፣ ሳዑዲዎች መኪናና የቤት ዕቃ በሚገበያዩበት «ሀራጅ» በተባለው መተግበሪያ ላይ የቤት ሠራተኞችም ለሽያጭ ቀርበው ተገኝተዋል።

የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። በ2021 እ.ኤ.አ. ለሌሎች የውጭ አገር ሠራተኞች አሠሪ የመቀየርን መንገድ ያቀለለው ማሻሻያም እነሱን ዘሏቸዋል። ለብቻቸው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣላቸው ደንብ በቀን 9 ሰዓት ዕረፍት ፈቀደ፤ ቀሪው 15 ሰዓት ለአሠሪው ተተወ ማለት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው አዲስ ደንብ የተሻለ ነው። ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ ፓስፖርቷም እንዳይያዝባት ያዛል። በተዘጋ በር ውስጥ ይህን የሚቆጣጠር ግን ማነው? ኤምባሲያችን ያለው ሪያድ፣ ቆንስላችን ጅዳ ነው። ለደማሟ ልጅ ሪያድ እንኳ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃታል። ስልኳን የተነጠቀች ልጅ ማን ዘንድ ትሂድ?

ጣታችንን ወደ ከፊሉ ብቻ ከቀሰርን ግን ራሳችንን እናታልላለን። ይህች ልጅ ዕቃ መሆን የጀመረችው ደማም አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ አይደለም። ደላላው ገና ከወሎ ገጠር ሲመለምላት ዕድሜ ጨምሮላታል፣ ለቪዛው ሲባል ስሟ የተቀየረባትም አለች። ከሄደች በኋላ ደግሞ ከቤተሰብ የሚመጣው ስልክ ከጤንነቷ በፊት ስለ ብሩ ይጠይቃል። በላከችው ቤት ተሠራ፣ ወንድም ተማረ። እሷ መታመሟን የምትናገርበት ጆሮ አጣች። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ስትመልስ፣ ባዶ እጇን የገባችውን ልጅ እንደ ሸክም ያየ ቤተሰብም ነበር።

አዲስ አበባ ላይስ? ማድ ቤት ጥግ የምትተኛ፣ የተረፈውን የምትበላ፣ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ከሁሉ ኋላ የምትተኛ ልጅ በስንቶቻችን ቤት አለች? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እሷን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳይዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። የሳዑዲ የሠራተኛ ሕግ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በደማም ያለችው እህታችን ቢያንስ በወረቀት ላይ የሥራ ሰዓቷ ተወስኗል። እኛ ቤት ያለችው በቀን ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ጠይቀን እናውቃለን?

መንግሥት ኤምባሲው ለሚርቃቸው የሳዑዲ ምሥራቃዊ ግዛት ልጆች በየጊዜው የሚመጣ የቆንስላ አገልግሎት ሊያመቻች፣ ለአገር ቤቷ ሠራተኛም የሥራ ሰዓቷንና ዕረፍቷን በሕግ ሊወስንላት ይገባል። ደማምና ኮብር የምንኖር ሀበሾች ጎረቤት ቤት ያለችውን ልጅ በስሟ እንጥራት፤ የአገሯንና የቤተሰቧን ወሬ እንጠይቃት፤ ችግር ቢገጥማት የምትደውልበትን ቁጥር እንስጣት። ልጅ በዓረብ አገር ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ስለ ገንዘብ አታንሱ። እንቅልፍ ታገኝ እንደሆነ፣ በልታ ታድር እንደሆነ ጠይቋት፤ መልሷንም እስክትጨርስ አድምጧት። ሌላው ሰው እንዲያከብራት የምንጠይቅ ሁሉ፣ ማክበሩን ከራሳችን ቤት መጀመር ግዴታችን ነው።