ደጋፊው ዕቃ ሸክም እንዳይሆን

በንግድ ሥራ ትልቅ ዕቃ ትልቅ ጥንቃቄ ይደረግለታል፤ ትንሽ ዕቃ ግን በትንሽነቱ ይናቃል። የጭነት መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ የሞተሩን ቁጥር፥ የተሠራበትን ዘመንና የፋብሪካውን ዋስትና ሳይመረምር ገንዘቡን አይልክም። በመዳፍ የሚያዝ የብረት ቁራጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ግን ብዙ ጊዜ ሥዕሉን አይቶ፥ ዋጋውን ጠይቆ ያዝዛል። ዳሩ ግን ገዢን የሚያስደስተውም የሚያስከፋውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ትንሹ ዕቃ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከዋናው ፋብሪካ ውጭ እየተሠራ ለትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የሚሸጠው የማርሽ ዘንግ ደጋፊ ነው።

የዕቃውን ጥቅም ለመረዳት አስቀድሞ የማርሹን አሠራር ማስተዋል ያስፈልጋል። ነጂው በግራ እግሩ የሚረግጠው ፔዳል ከአንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ዘንጉ ከካምቢዮው ተነሥቶ በሞተሩ ግራ ጎን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ዘይት እንዳያፈስም በመውጫው ላይ የላስቲክ ቀለበት ተደርጎለታል። በጫፉ ላይ ደቃቅ ጥርሶች ስላሉት ፔዳሉ በእነርሱ ላይ ገብቶ በቡሎን ይጠብቃል። እግር ፔዳሉን ሲያነሣ ወይም ሲረግጥ ዘንጉ በመጠኑ ዞሮ በውስጥ ያለውን የማርሽ መራጭ ያንቀሳቅሳል፤ እግር ሲለቀው ደግሞ ሞላው ወደ ነበረበት ቦታ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ዘንጉ በሞተሩ ውስጥ በሚገባ የተያዘ ሲሆን ውጭኛው ጫፉ ግን ምንም የሚደግፈው የለም። እግር የሚያርፍበትም ቦታ ከመጨረሻው መያዣ የራቀ ስለ ሆነ፥ የእግሩ ኃይል ዘንጉን ከማዞር ሌላ ሊያጎብጠው ይሞክራል። በመሐንዲሶች ስሌት፥ በአንድ ጎኑ ብቻ የተያዘ ዘንግ በጫፉ ላይ አንድ መጠን ያለው ኃይል ሲያርፍበት፥ ወደ ውጭ የወጣው ርዝመት እጥፍ ቢሆን መጉበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። መያዣው እያደር ሲላላ ፔዳሉ ይወላገዳል፤ የላስቲኩ ቀለበት ይበላና ዘይት ያንጠባጥባል፤ አልፎ አልፎም ነጂው ማርሽ የገባ መስሎት ሳይገባ ይቀራል።

ደጋፊው የተፈለሰፈው ይህን ለማቃለል ነው። ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ቁራጭ ሲሆን በውስጡ ትንሽ ኩሽኔታ አለው። በሞተሩ ገላ ላይ ባሉት የቡሎን ቀዳዳዎች ይታሰርና የዘንጉን ውጭኛ ክፍል በኩሽኔታው ውስጥ ያሳልፋል። በአንድ እጅ ተይዞ የነበረ በትር በሁለት እጅ እንደሚያዝ፥ ዘንጉም ከዚያ በኋላ በውስጥም በውጭም ተደግፎ ይዞራል። አሳቡ ቀላልና ትክክለኛ ነው።

ይህ ዐይነት ደጋፊ ከሚሠራላቸው ሞተር ብስክሌቶች አንዱ የሆንዳ ኩባንያ ኤም ኤስ ኤክስ 125 የሚባለው፥ በአሜሪካ ግን ግሮም ተብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ለገበያ የቀረበ ሲሆን የሚሠራው በታይላንድ ነው። ጎማዎቹ 12 ኢንች ብቻ ቢሆኑም ባለቤቶቹ ልዩ ልዩ ዕቃ እየጨመሩ ማሳመር ስለሚወዱ፥ በዙሪያው ሰፊ የመለዋወጫ ንግድ በቅሏል። እስከ 2020 የተሠራው ባለ አራት ማርሽ ነበር፤ በ2021 በወጣው አዲስ ሞዴል ግን ሞተሩ ተለውጦ ባለ አምስት ማርሽ ሆነ። ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ፤ ይኸውም በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ሞተሮች መኖራቸው ነው። የሞተር ብስክሌቱን ስም ብቻ ጽፎ ደጋፊ የሚያዝዝ ሰው ቀዳዳው ከቀዳዳ የማይገጥም ዕቃ ተሸክሞ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ዕቃ ላይ ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፥ «የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ራሱ ባደረገው ነበር» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር እውነት የሚመስል ነገር አለው፤ ነገር ግን የተሟላ አይደለም። ፋብሪካ የሚሠራው ለመካከለኛ ነጂ፥ በተወሰነ ዋጋ፥ ከራሱ ፔዳል ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ በከተማ ውስጥ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ በየመንገዱ ማጠፊያ ማርሽ የሚለውጥ ሰው፥ ወይም ፔዳሉን አውጥቶ ረዘም ያለ ያስገባ ሰው ፋብሪካው ካሰበው ልማድ የወጣ ነው። ለእርሱ ደጋፊው በእርግጥ ሊጠቅመው ይችላል።

ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ «ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ለሁሉም ይሸጥ» የሚለው ነው። ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ጉዳት አለው። ደጋፊ የሚደግፈው ደኅናውን ዘንግ ነው እንጂ የታመመውን አይፈውስም። ማርሽ አልገባ የሚለው የፍሪሲዮኑ ገመድ በልክ ስላልተወጠረ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ አርጅቶ ወይም ዐይነቱ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የማርሽ ሹካ ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ የፔዳሉ ጥርስ አልቆ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተም ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱንም ደጋፊው አያቃናም። ይልቁንም ገዢው «ተጠግኗል» ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋል። ሳይቃጠል በቅጠል መባሉ እሳቱ ያለበትን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የአገጣጠሙ ነገር ነው። የዚህ ዕቃ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በጸጉር ስፋት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኩሽኔታው ከዘንጉ ጋር አንድ መስመር ላይ ከዋለ ዘንጉ እንደ ልቡ ይዞራል። ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ግን ዘንጉን ወደ ጎን ይጫነዋል። ያን ጊዜ ሞላው ፔዳሉን ወደ ቦታው ለመመለስ ኃይል ያንሰዋል፤ ፔዳሉ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የሚቀጥለው ማርሽ አይያዝም። ቁልቁለት ሲወርድ ወይም መኪና ሊቀድም ሲል ይህ የሚደርስበት ነጂ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሊደግፍ የመጣው ዕቃ ሸክም ሆነ ማለት ይህ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው።

ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠራ መካኒክ ሥራውን በሥርዓት ይጀምራል። ሞተሩን አጥፍቶ፥ እስኪበርድ ቆይቶ፥ ብስክሌቱን በቀጥታ ያቆማል፤ ማርሹንም ነጻ ያደርጋል። ፔዳሉን ከማውጣቱ በፊት በዘንጉና በፔዳሉ ላይ ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ የፔዳሉ ከፍታ ይለወጣልና። ከዚያ በኋላ የሚጋርድ መሸፈኛ ካለ አውጥቶ ካቴናው የረጨውን ቅባትና አፈር ይጠርጋል። ቀጥሎም ዘንጉን በእጁ እያዞረ ጫፉን ይመለከታል። ጫፉ በቦታው ከመዞር ይልቅ ክብ እየሠራ የሚሽከረከር ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል ማለት ነው፤ በግራ ጎኑ ወድቆ የሚያውቅ ብስክሌት ይህ ጉዳት አያጣውም። በጎበጠ ዘንግ ላይ ደጋፊ መግጠም ፈጽሞ የማይገባ ነው።

ዘንጉ ደኅና ከሆነ ደጋፊው ይገባና ቡሎኖቹ በመጀመሪያ በጣት ብቻ ይያያዛሉ። በዚህ ጊዜ ዘንጉ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ደጋፊው ራሱ ትክክለኛ ቦታውን እንዲያገኝ ይደረጋል። ከዚያም ቡሎኖቹ ተራ በተራ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ በየመካከሉም ዘንጉ በሞላው ኃይል ብቻ መመለሱ ይፈተናል። ቡሎን ሲጠብቅ ዘንጉ ከከበደ ቡሎኑ ተፈትቶ ምክንያቱ ይፈለጋል እንጂ በጉልበት አይታለፍም። የሞተሩ ገላ አሉሚኒየም በመሆኑ ብርቱ ክንድ የቀዳዳውን ጥርስ በቀላሉ ይበላዋል። በሆንዳ የጥገና መመሪያዎች ለተራ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን የሚሰጠው መጠን 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በ10 ሴንቲሜትር የቁልፍ እጀታ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል የሚሰጠው ኃይል ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። በመጨረሻ ካቴናው ደጋፊውን አለመንካቱ ይታያል፤ ፔዳሉ በምልክቱ ይመለሳል፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በእጅ እየዞረ ማርሾቹ ሁሉ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላም ቡሎኖቹ እንደ ገና ይፈተሻሉ።

ይህ ሁሉ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። አንድ ባለ ሱቅ ደጋፊውን ያለ አንዳች ማስረጃ ወረቀት ሸጠ እንበል። ገዢው በማግስቱ ተመልሶ «ጋሼ፥ ይህ ዕቃ ማርሼን አሰረብኝ» ይለዋል። ባለ ሱቁም «ወንድሜ፥ እኔ ዕቃ ሸጥሁ እንጂ መካኒክ አይደለሁም» ብሎ ይመልሰዋል። በሕግ ፊት ምናልባት ነገሩ በዚህ ያልቅ ይሆናል። በገበያ ግን አያልቅም። በሞተር ብስክሌቱ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ሁለት ቀን ሥራ ከፈታ፥ የሁለት ቀን የቤት ወጪ ጐድሎበታል፤ ማርሹ ያሰረበትንም ዕቃ ከየት እንደ ገዛው ለባልንጀሮቹ ሁሉ ይነግራል። ባለ ሱቁ ከዚያ ዕቃ ያገኘው ትርፍ ያጣውን ስም አይመልስለትም።

በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታዩት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከህንድና ከቻይና የሚመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ በጣትም በተረከዝም የሚረገጥ ባለ ሁለት ክንድ ፔዳል አላቸው። ለአንዱ ሞዴል የተሠራ ደጋፊ ለሌላው ይሆናል ብሎ መገመት አይቻልም። እንግዲህ አስመጪው በብዛት ከማዘዙ አስቀድሞ አንድ ናሙና አስመጥቶ ሊሸጥለት ባሰበው ሞተር ላይ በታመነ መካኒክ ማስገጠምና ማስነዳት ይገባዋል። ቡና ላኪ ናሙናው ሳይቀመስ ቡናውን አይጭንም፤ ገዢውም አይቀበለውም። ለሚወጣው ዕቃ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሚገባው ዕቃ የማይደረግበት ምክንያት የለም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ በዶላር ተገዝቶ በመደርደሪያ ላይ የሚቀር ዕቃ ምን ያህል እንደሚጐዳ የማያውቅ አስመጪ አይኖርም።

ሁለተኛው ግዴታ፥ በእያንዳንዱ ዕቃ ማሸጊያ ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማስገባት ነው። በዚያ ገጽ ላይ ዕቃው የሚሆንለት ሞዴልና የሞተሩ የሥራ ዘመን፥ የሚያስፈልጉት ቡሎኖችና ሮንዴላዎች ብዛት፥ የአገጣጠሙ ተራ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃው የማያቃናቸው ብልሽቶች በግልጽ ሊጻፉ ይገባል። የውጭ አገር ሠሪው የሚልከው ወረቀት በእንግሊዝኛ ወይም በጃፓንኛ ቢሆን ለመካኒኩ ምን ይጠቅመዋል? «የወረቀቱ ወጪ ዋጋውን ይጨምርብናል» ለሚሉትም መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ ተመላሽ ዕቃ ከብዙ ወረቀት ይበልጥ ያስወጣል።

ሦስተኛው ግዴታ የባለ ሱቁ ነው። ዕቃውን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት ገዢውን ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ሞተሩ ስንት ዘመን ሠራ? ወድቆ ያውቃልን? ፔዳሉ ይወላገዳል ወይስ ማርሹ ይከብዳል? ፍሪሲዮኑና ዘይቱ ታይተዋልን? መልሱን ሰምቶ «ለአንተ ይህ ዕቃ አያስፈልግህም፤ አስቀድመህ ፍሪሲዮኑን አስተካክል» የሚል ባለ ሱቅ በዚያ ቀን አንድ ሽያጭ ያጣ ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ደንበኛ አግኝቷል። ያ ደንበኛ ነገ ጎማ፥ ከነገ ወዲያ ካቴና ሲፈልግ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው።

ደጋፊው መልካም ዕቃ ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው፥ በሚሆንለት ሞተር ላይ፥ በቀና እጅ ከተገጠመ ይጠቅማል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ግን የሚጐዳው ነጂው፥ የሚወቀሰው ነጋዴው ነው። አስመጪው መርምሮ ቢያስመጣ፥ ባለ ሱቁ ጠይቆ ቢሸጥ፥ መካኒኩም ታግሦ ቢገጥም፥ ነጂው ማርሹ ሳያሳስበው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የነጋዴውም ስም ከዕቃው ጋር አብሮ ይደገፋል።