ስለ ተማሪዎች መክሰስ

ባለፈው ሳምንት በዚሁ አምድ ስለ ልጆች እንቅልፍ ጥቂት ነገር ጽፈን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከዚያው ጋራ የተያያዘውን የመክሰስን ነገር ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናቀርብ አሰብን። የምንናገረውም ስለ ሕፃናት ሳይሆን ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 19 ዓመት ስለሚሆነው፥ ልጅ ሲሏቸው ስለሚቈጡ፥ ዐዋቂ ሲሏቸው ስለሚያፍሩ ተማሪዎች ነው።

የነገሩ መነሻ በገዛ ቤታችን የሆነው ነው። የ14 ዓመት ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት ይዞት የሚሄደው ምሳ ዕቃ ለብዙ ቀን እንደ ተሞላ ሲመለስ፥ ቤተ ሰቡ ሁሉ ልጁ ታሟል ብሎ ተጨነቀ። እናቱ ወጡን ለወጠችለት፤ እኛም የሆድ ትል ይሆናል ብለን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ሐኪሙም መርምሮ ደኅና መሆኑን ነገረን። ኋላ አንድ ቀን በጊዜ ከሥራ ወጥተን ከትምህርት ቤቱ ደጅ ብንቆም፥ ልጃችን በአንድ እጁ ሳምቡሳ፥ በአንድ እጁ ለስላሳ ይዞ ከጓደኞቹ ጋራ እየሣቀ ሲወጣ አየነው። የገዛበትም ገንዘብ እኛው በየጧቱ ከታክሲ የሚተርፍ ነገር በእጁ ይኑር እያልን የሰጠነው ነበር።

በቋንቋችን መክሰስ የሚለው ቃል በዋና ምግቦች መካከል ለሚቀመሰውም ነገር፥ ሰውን በዳኛ ፊት ለማቆምም አንድ ሆኖ መገኘቱ ያስቃል፤ ወላጆች ግን ስለ ፊተኛው ሲነገረን ወዲያው ወደ ሁለተኛው እንቸኵላለን። እኛም በመጀመሪያ ከደጁ ተቀምጣ ሳምቡሳ የምትጠብሰውን ሴት፥ ቀጥሎም የልጁን ጓደኞች ለመወንጀል ተነሥተን ነበር። ዳሩ ግን ሥራችን የችሎት ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ የሰው ቃል ሳይሰማ ፍርድ ሲሰጥ ማየት አልለመድንም፤ ስለዚህ ልጁን ያለ ቍጣ ጠየቅነው።

ልጁም የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። በዕረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃውን የሚከፍት ተማሪ የሚገዛበት የሌለው ተብሎ እንደሚቈጠር፥ የሽሮውም ሽታ በክፍሉ ሲሰማ አንዳንዶቹ አፍንጫቸውን እንደሚይዙ ነገረን። ከዚህም በቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በእኛ አገር ማንም ብቻውን አይበላም። ዛሬ አንዱ የድንች ጥብስ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ገዝቶ ለአራት ጓደኞቹ ያካፍላል፤ ያካፈላቸውም ነገ በተራቸው መግዛት አለባቸው። የማይገዛው እንደ ንፉግ ይታያል። እንግዲህ ሆዳምነት ነው ብለን የገሠጽነው ነገር ሲመረመር ግማሹ እኛው በገበታችን ያስተማርነው መልካም ልማድ ሆኖ ተገኘ። ልጁን ገንዘብ ብንከለክለው የጓደኞቹ ባለዕዳ እናደርገዋለን፤ ይህንም ሳያስቡ የሚከለክሉ አባቶች ብዙዎች እንደ ሆኑ ይመስለናል።

ሁለተኛው ምክንያት ራብ ነው፤ ይህም ያለ ማጋነን ነው። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቱ ከሩቅ የሆነበት ተማሪ ከጧቱ በ12 ሰዓት ተኩል ከቤት ይወጣል። ማታ በስልክ ሲጫወት ያመሸ ልጅ ለቍርስ ጊዜ ስለማያገኝ ባዶ ሆዱን ይሄዳል፤ በ4 ሰዓት ደወል ሲደወል በፊቱ ያገኘውን ቢበላ ምን ይደንቃል? የዚህ ዕድሜ ሰውነት በፍጥነት የሚያድግ ስለ ሆነ ብዙ ምግብ ይሻል፤ ልጃገረዶችም የወር አበባ ከጀመሩ በኋላ ብረት ያለበት ምግብ አብዝተው ያስፈልጋቸዋል። ከረሜላና ብስኩት ግን ይህን አይሰጡም፤ ለጥቂት ጊዜ ያታልሉና የምሳን ፍላጎት ይዘጋሉ።

ስለ ለስላሳ መጠጥ ጥቂት ቍጥር እናቅርብ። ከእነዚህ መጠጦች ብዙዎቹ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ያህል ስኳር አለባቸው፤ እንግዲህ ግማሽ ሊትር የጠጣ ልጅ 50 ግራም፥ ማለት በሻይ ማንኪያ 12 ያህል ስኳር ዋጠ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ምክር በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር ከዕለቱ ምግብ ኀይል ከመቶ ዐሥር እጅ በታች እንዲሆን አሳስቧል፤ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ ከ50 ግራም የማያልፍ ነው። ስለዚህ ልጁ ገና በ4 ሰዓት የቀኑን ልክ ጨርሷል። ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ስኒ 12 ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ብናይ ሁላችንም ዘወር ብለን እናየው ነበር።

ልጆቹ ለስላሳውን የሚገዙት ግን ሁልጊዜ ለጣዕሙ አይደለም። ስሙን በማንጠራው በዚያ ትምህርት ቤት የውኃው ቧንቧ ብዙ ቀን ደርቆ ይውላል፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ሱቅ ደግሞ ከለስላሳና ከታሸገ ጥብስ በቀር የሚሸጠው የለውም። ይህ የልጅ ጠባይ ሳይሆን የአስተዳደር ጕድለት ነው። የቺሊ መንግሥት በ2008 ዓ.ም. ስኳር፥ ጨውና ስብ የበዛባቸው ምግቦች ጥቍር ምልክት እንዲለጠፍባቸውና በትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡ በሕግ አድርጓል፤ ሜክሲኮም በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ወር እንዲህ ያለውን ምግብ ከትምህርት ቤቶች አስወጥቷል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 በለስላሳ መጠጥ ላይ ግብር ጥሏል፤ ነገር ግን ቧንቧው ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ግብሩ የተጠማውን ልጅ ኪስ ከማራገፍ በቀር የሚያደርገው ብዙ አይደለም።

ከደጅ የምትጠብሰው ሴት ግን በዚያ ሳምቡሳ የራስዋን ልጆች ታስተምራለች፤ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ እንድትለውጥ መምከርና ከሳምቡሳው ጐን ሙዝና የተቀቀለ ድንች እንድትይዝ ማበረታታት ከማባረር ይሻላል።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም። በብስኩቱ መጠቅለያ ላይ የጾም የሚል ቃል ሲነበብ ወላጆች ልባችን ያርፋል፤ ሥጋና ቅቤ እንደሌለበት እናያለን እንጂ ስኳሩን አንጠይቅም።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ላይ ሳለን መክሰሳችን ቆሎ ነበረ፤ እንዲያውም ስማችን የቆሎ ተማሪ የተባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህን ስንል በዚያ ዘመን የተሻልን ነበርን ለማለት አይደለም፤ ከረሜላ የሚሰጠን ቢገኝ ቆሎውን በደስታ በጣልነው ነበር። በኋላ በገባንበት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ግን በዕረፍት ሰዓት ለሁላችንም እኩል ዳቦና ሻይ ይታደለን ስለ ነበረ፥ ማንም በማንም ሳህን የሚሥቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህን ሁሉ ካሰብን በኋላ በቤታችን እንዲህ አደረግን። የማታው ስልክ በ3 ሰዓት ከሳሎን መሳቢያ እንዲገባ ወሰንን፤ የአባቱም ስልክ አብሮ እንዲገባ ልጁ ጠየቀ፥ እኛም ከጥቂት ክርክር በኋላ ተረታን። ገንዘቡን ፈጽመን አላስቀረንም፤ ጓደኞቹን ይጋብዝበት ዘንድ ለዓርብ ብቻ አደረግነው። በቀሩት ቀኖች ምሳ ዕቃው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሆነ፤ ከእንጀራው ሌላ የሽንብራ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋራ ተቀላቅሎ፥ ዳቦና ሙዝም ተጨመረ፤ የተፈላ ውኃም በጠርሙስ ይይዛል። እናቱም፥ ‹‹ከመጀመሪያው የሚበላው ሰው ስንት እንደ ሆነ ብትነግሩኝ ኖሮ፥ ወጥ ስለውጥ አልከርምም ነበር›› አለችን።

በመጀመሪያው ሳምንት ቆሎው ብቻ አለቀ፤ ሽሮው እንደ ነበረ ተመለሰ። ባለፈው ሰኞ ግን ምሳ ዕቃው ባዶውን መጣ፤ ልጁም ማክሰኞ ቆሎው ይብዛልኝ አለ። ሳምቡሳው ዓርብ ዓርብ እንዳለ ነው።