ያረጀ ውሻ የኋላ እግር መዛልና የማገገሚያ እንክብካቤ፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንጻር

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ውሻ የቤት ጌጥ ሳይሆን የቤት ዘብ ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ ባሉት ቀበሌዎች ሌሊቱን በበረት ዙሪያ እየዞረ ጅብን ከአህያ፣ ቀበሮን ከግልገል የሚያርቀው እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂል ለዚህ ታማኝነት የተሰጠ ምስክርነት ነው። ይሁን እንጂ ዘቡ አርጅቶ የኋላ እግሮቹ ሲዝሉና ሲንቀጠቀጡ የሚጠብቀው ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ መጣል ወይም መገደል ነው። ጠያቂ የሌለውን ደም «ደመ ከልብ» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንደሚከተለው ነው። ያረጀን ትልቅ ውሻ በእግሩ ማቆየት የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታን የመከላከል ሥራ አካልም ነው። ማገገሚያው ሊጀመር የሚገባው ግን ምልክቱ የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑ ከተለየ በኋላ ብቻ ነው።

ልየታው ለምን ይቀድማል?

የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000፣ በኢትዮጵያ ደግሞ ወደ 2,700 ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ብዙ ሰው በሽታውን የሚያውቀው በሚናከስና በሚክለፈለፍ ውሻ ነው። ነገር ግን በሽታው ዝምተኛ ገጽታም አለው፤ ውሻው ይፈዛል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ የኋላ እግሮቹ ይሰንፋሉ። አንድ ባለቤት «አርጅቶ ነው» ብሎ እንዲህ ያለውን ውሻ ቢደግፍ ወይም አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ቢያስገባ ለሞት ሊጋለጥ ይችላል።

ያለ ላቦራቶሪ የሚገኘው የመጀመሪያ መለያ ጊዜ ነው። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ ምልክት ካሳየ በኋላ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል። የእርጅና መገጣጠሚያ ሕመም ግን በወራት፣ አንዳንዴም በዓመታት ይጎለብታል። ስለዚህ ድንገት የሰነፈ፣ ጠባዩ የተለወጠ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ሳይነካ ተለይቶ መጠበቅና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት። በምራቁ የተነካ ቁስል ወይም ንክሻ ካለ ደግሞ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ሰውየው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

መንቀጥቀጥም ሁሉ አንድ አይደለም። በሰዓታት ውስጥ ጀምሮ ከለሃጭና ከተቅማጥ ጋር የመጣ መንቀጥቀጥ እንደ ማላታየንና ዲያዚኖን ያሉ ፀረ ተባዮች መመረዝን ያመለክታል። ውሻው ተኝቶ እንኳ የማይተወው የጡንቻ መንፈራገጥ የዲስቴምፐር ቅሪት ሊሆን ይችላል። ሲቆም ብቻ የሚታይና ሲራመድ ወይም ሲተኛ የሚጠፋ መንቀጥቀጥ በግዙፍ ዝርያዎች ላይ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚንቀጠቀጠው ክብደቱን መሸከም ያቃተው የሳሳ የጭን ጡንቻ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

በትልልቅ ውሾች ላይ የኋላ እግር መዛል ዋና መንስኤዎች የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር፣ የወገብ ነርቮች መጨቆንና ዲጄኔሬቲቭ ማየሎፓቲ የሚባለው የሕብለ ሰረሰር መመንመን ናቸው። መገጣጠሚያው የታመመ ውሻ ሲነሣ ይቸገራል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ይፍታታል። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳው ውሻ ደግሞ መዳፉን ይጎትታል፣ ጥፍሩን ያልባል፤ መዳፉ ተገልብጦ ሲቀመጥለት ቶሎ አይመልሰውም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በዲጄኔሬቲቭ ማየሎፓቲ የተጠረጠሩ 22 ውሾችን መዝገብ መርምሮ ነበር። ጠንከር ያለ የዕለት ፊዚዮቴራፒ ያገኙት በአማካይ 255 ቀናት፣ መጠነኛ ያገኙት 130 ቀናት፣ ምንም ያላገኙት 55 ቀናት ኖረዋል። የውሾቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ጥናቱም ያለፈ መዝገብ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ትጉ ባለቤቶችና ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው ውሾች በአንድ ወገን ተሰባስበው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፈውስ በሌለው በሽታ እንኳ እንቅስቃሴ ዕድሜ ሊቀጥል እንደሚችል ያመለክታል፤ መታሰርና መተኛት ግን ጡንቻን ያሳሳል።

በእጅ ባለው ነገር

በበለጸጉ አገሮች ይህ ሕክምና የውኃ ውስጥ መራመጃና ልዩ ቀበቶ ይጠይቃል። የሕክምናው መሠረተ ሐሳብ ግን መሣሪያ አይፈልግም። ታጥፎ ከኋላ እግሮች ፊት በሆድ ሥር የሚያልፍ አሮጌ ነጠላ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የመደገፊያ ቀበቶ ይሆናል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ዝግ ብሎ ማራመድ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ለስላሳ ዳገት ማስወጣት፣ ከተቀመጠበት ደጋግሞ ማስነሣት የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። መነሣት ያቃተው ውሻ መገጣጠሚያዎቹ በቀስታ ሊታጠፉና ሊዘረጉ፣ በየጥቂት ሰዓቱም ጎኑ ሊገላበጥ ይገባል። ወፍራም የጭድ ጉዝጓዝ የመተኛት ቁስልንም የጉናን ቁርም ይከላከላል። ሕመም የያዘው ውሻ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል አፉን በጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር ተገቢ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ግን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ስለሚጎዱ መሰጠት የለባቸውም።

እዚህ ላይ አንድ ባህላዊ እንቅፋት አለ። በአካባቢው ውሻ በእጅ የሚዳሰስ እንስሳ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ይከለከላል። ይህን ልማድ መንቀፍ አያስፈልግም። በቀበቶ የሚደረግ ድጋፍ እጅን ከውሻው ገላ ስለሚያርቅ ከልማዱ ጋር ሊስማማ ይችላል።

ተቃውሞና መልስ

በሬና በግ የሚያክም ባለሙያ ባልተትረፈረፈበት ወረዳ ስለ ሽማግሌ ውሻ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። የተገደለው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ባልተከተበ ቡችላ ይተካል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታውን ሥርጭት ለመግታት ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። የተከተበ ውሻ ሁሉ ባረጀ ጊዜ በቡችላ ከተለወጠ ይህ ሽፋን ዘመቻው ባለቀ ማግስት መሸርሸር ይጀምራል። ውሻው ያልተከተበ ከሆነም ልየታው ካለቀ በኋላ የእንክብካቤው ጉብኝት የመከተቢያ አጋጣሚ ይሆናል። የተጣለው ውሻ ደግሞ መንገድ ለመንገድ እየተንከራተተ ለንክሻና ለበሽታ ይጋለጣል።

በእርግጥ ሁሉም ውሻ አያገግምም። ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተውና ሥቃዩ የማይታገሥ ውሻ በባለሙያ እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግ ከድንጋይም ከስትሪክኒን መርዝም የተሻለ ነው።

የምርምሩ ድርሻ

ጉዳዩ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና በዚያው ዞን ለሚገኘው ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። በአራቱ ወረዳዎች ያረጁ ውሾችን መዝግቦ መከታተል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውሻው ከተኛበት ለመነሣት የሚወስድበት ጊዜ፣ ሳያርፍ የሚራመደው ርቀት፣ በሜትር የሚለካ የጭን ዙሪያና የክትባት ታሪክ ለአንድ የማስተርስ ጥናት በቂ መለኪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዲጄኔሬቲቭ ማየሎፓቲ ጋር መያያዙ የታወቀው የኤስኦዲ1 ዘረ መል ለውጥ በአገሬው ውሾች ላይ መፈተሹም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርሐ ግብሮች እስካሁን ውሻን የሚያዩት በክትባት ቀን ነው። ያንን የተከተበ ውሻ እስከ እርጅናው መከተል የሚችል ባለሙያ ግን ለአንድ ቤት ዘቡን፣ ለቀበሌው ደግሞ የበሽታ መከላከያውን ያቆይለታል።