ቀብዱን የሚያውቀው ስልኩ ብቻ ሲሆን

ሽሮ ሜዳ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ግራ ቀኜ ነጠላና ቀሚስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ስለሆኑ የጎረቤቶቼን ገበያ የምለካው በሚመጣልኝ የተሰበረ ስክሪን ነው። ጥምቀት ሲቃረብ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ግንቦት ላይ ሰርግ ሲበዛ ስልክ ይወድቃል፣ ቡና ይፈስበታል፣ ይሰረቃል። ነጋዴዋ እየሮጠች ስትመጣ ታዲያ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ዋጋ አይደለም፤ «ውስጡ ያለው ይወጣል?» ነው የምትለኝ።

ብዙ ጊዜ አይወጣም። ይህን ስናገር የማያምኑኝ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ድሮ ስልኩ ቢሞትም ሚሞሪ ካርዱን ነቅለን ፎቶውን እንመልስ ነበር። ያሁኖቹ ስልኮች ግን መረጃውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ቁልፉም ያለው እዚያው ቦርዱ ላይ ነው። ቦርዱ ከተቃጠለ ሚሞሪውን አውጥቼ ሌላ ላይ ብበይደው የሚነበብ ነገር አይገኝም። ፓስወርዱን የረሳም ዕጣው ያው ነው። ፎርማት አደርግለታለሁ፣ ስልኩ ይነሳል፣ ባዶውን።

ምን ነበረበት? የቀሚስ ፎቶ እንደገና ይነሳል፤ እሱ አያስለቅስም። የሚያስለቅሰው ከዋሽንግተን በዋትስአፕ የተላከው የሚዜዎች ልክ ነው፦ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። የትኛው ጥለት ለማን ነው? ማን ስንት ቀብድ ከፈለ? ለየትኛው ሸማኔ ስንት ድርና ማግ ተሰጠ፣ ስንትስ ቀረው? ይህ ሲጠፋ ጉዳቱ ከነጋዴዋ አልፎ የሽመና ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ለሚውለው ሰው ይተርፋል። እሱ አምስት ነጠላ አስረክቤያለሁ ይላል፣ እሷ አራት ነው ትላለች፤ ሁለቱን የሚዳኘው ስልክ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል።

ይህን የሰሙ አንዳንድ አባቶች «ድሮውንም ደብተር ይሻል ነበር» ይሉኛል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል አይተናል፤ እሳት ጥበቡን በልቶ ደብተሩን ለይቶ አይተውም። ወረቀትም ስልክም ብቻውን ከሆነ አንድ ነው። የድሮው ካርቦን ያለበት ደረሰኝ የሚበልጥበት ነገር ግን አለ፤ ሁለተኛው ቅጂ ደንበኛዋ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከሱቁ ይወጣል። ሱቁ ቢቃጠል እንኳ ቀብዱን የሚያውቅ ወረቀት ከተማው ውስጥ ይኖራል። ስልክ ሲመጣ ይህን ቅጂ ነው ሳናስተውል የጣልነው።

ከዚያ ደግሞ ስልኩ ደህና ሆኖ ሌላው ሁሉ የሚቋረጥበት ቀን አለ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የካቲት 2 ቀን 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ እገዳው እስከ ሐምሌ ዘለቀ፤ የፋሲካ ገበያ መሐሉ ላይ ወደቀ። ቪፒኤን ጫኑልን የሚሉ ሰዎች ወረፋ ይዘውብኝ ነበር። የደንበኞቿን ስልክ ቁጥር ለብቻው የጻፈች ነጋዴ ደውላ ትሸጣለች፤ ደንበኞቿን በቴሌግራም ስማቸው ብቻ የምታውቀው ግን ለማን ትደውል?

መጋቢት 2016 ደግሞ ሁዳዴ ከገባ ሳምንት ሳይሞላው፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ አወጣ፣ አስተላለፈ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደወጣበት ተናግሮ አብዛኛውን አስመልሷል። ስለዚያ ሌሊት ብዙ ቀልድ ተቀልዷል፤ እኔን የገረመኝ ግን ማስመለሱ ነው። ያልመለሱትን በስም ዘርዝሮ ይፋ እስከማድረግ የደረሰው ማን ስንት እንደወሰደ መዝገቡ ስላልጠፋበት ነው። እኛ ሰፈር አንድ ስልክ ሲሞት ግን ስም የሚጠራበት መዝገብ የለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደምጨቃጨቅበት ነገር ልምጣ። ስልክ የተሰረቀበት ሰው ሲመጣ «ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?» እላለሁ። «በወንድሜ፣ በቀድሞ ባሌ፣ ድሮ እዚህ ይሠራ በነበረ ልጅ!» ይሉኛል። ምትክ ሲም የሚሰጠው መታወቂያ ይዞ ለቀረበ ባለስሙ ነው። ወንድምየው ዱባይ ከሆነ ቁጥሩ ቆሞ ይከርማል ማለት ነው፤ ከቁጥሩ ጋር ቴሌግራሙ፣ ዋትስአፑ፣ ቴሌብሩ። የቴሌግራም ቻናሉም እንዲሁ ነው። ብዙውን ቻናል የከፈተችው ተቀጥራ ፎቶ ታነሳ የነበረች ወጣት ናት፤ ደሞዝ ላይ ሳይስማሙ ተለያዩ፣ ቻናሉ በሷ ስም ቀረ። እኔ ይህን በመፍቻ የምፈታው ነገር አይደለም። ቻናሉን ወደ ሱቁ ባለቤት ማዛወር ግን ሁለቱ በሰላም ሳሉ ቀላል ሥራ ነበር። «ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ላኪልኝ» ለሚል አጭበርባሪ አካውንታቸውን ያስረከቡትንም ጨምሩበት፤ ሁለተኛ ፓስወርድ ያላቸው ተርፈዋል።

ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው የመንግሥት ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ፣ ቴሌብር በ2013 ሥራ ጀመረ፤ ክፉ ነገር አይደለም፣ እንጀራዬም ነው። የሚያናድደኝ ሥልጠናው ነው። ለትንንሽ ነጋዴ በሚሰጠው ሥልጠና ገጽ አከፋፈት፣ ፎቶ አነሳስ፣ ክፍያ አቀባበል ይወራል። ስልኩ ዛሬ ማታ ቢጠፋ ነገ ጠዋት ሱቁን በምን ትከፍቺዋለሽ ብሎ የጠየቀ አሠልጣኝ እንዳለ ግን ከሠልጣኞቹ አንዷም አልነገረችኝም። ለዚህ ግማሽ ቀን ሥልጠና ይበቃል። ሲሙን ወደ ራስ ስም ማዞር፤ የዋትስአፑን መልእክት ጉግል ላይ ማስቀመጥ፤ ማታ ሱቅ ሲዘጋ የቀኑን ቀብድና የሸማኔ ሒሳብ ደብተር ላይ ጽፎ ገጹን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰብ መላክ፤ ፓስወርዱን ከራስ ሌላ አንድ የሚታመን ሰው እንዲያውቀው ማድረግ። ደብተሩ ሱቅ ያድራል፣ ፎቶው ቤት።

«ባክአፕ አለኝ» ለሚሉኝም አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ከፍታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሐምሌ ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ስልኩን አጥፍታችሁ ከባክአፑ ብቻ የአንዲት ደንበኛ ልክ ፈልጉ። ካጣችሁት ያኔ ኑ፣ ተቀምጠን እናስተካክለዋለን። በጥምቀት ዋዜማ ከመጣችሁ ግን ወረፋው ረጅም ነው፣ እኔም ስክሪን ከመቀየር ያለፈ ጊዜ አይኖረኝም።